የሰባቱ መስፈርቶች ሰው
የዶክተር ፓውል ሙለር ሕይወትና የዲ.ዲ.ቲ. ፈተና

በስዊዘርላንድ አገር በባዝል ከተማ በሚገኝ የአንድ ኬሚካል ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ የመስተዋት ሣጥን ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ዝንቦች ይለቀቃሉ፤ ከዚያም ልዩ ልዩ ውሁዶች እየተረጩ የትኛው እንደሚገድላቸው ይታያል። በ1939 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ግን የሣጥኑን ባለቤት ያልጠበቁት ችግር ገጠማቸው። አንድ አዲስ ውሁድ ከተፈተነ በኋላ ሣጥኑ ቢታጠብ፣ ቢወለወል፣ ምንም ያልተረጨባቸው ዝንቦች እንኳ ግድግዳውን በነኩ ቁጥር እየተንፈራገጡ ይወድቁ ጀመር። ሙከራው ሊቀጥል የቻለው ሣጥኑ ተፈታትቶ በሚገባ ከታጠበና ለአንድ ወር ያህል አየር ላይ ከቆየ በኋላ ነበር።

የሣጥኑ ባለቤት ዶክተር ፓውል ሄርማን ሙለር ሲባሉ፣ ውሁዱም ኋላ በዓለም ሁሉ በሦስት ፊደላት የታወቀው ዲ.ዲ.ቲ. ነው። ያ የመስተዋት ሣጥን በአንድ ጊዜ ሁለት ወሬ ይናገር ነበር፤ አንደኛው የምሥራች፣ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ። በዘመኑ የተሰማው ግን የምሥራቹ ብቻ ነው።

የሙለርን ታሪክ ለማኅበራችን አባላት ለማቅረብ የተነሣሁት ሰውየው ስመ ጥር በመሆናቸው ብቻ አይደለም። እኛ የምንሠራው በመስፈርት ነው። መስፈርት ተቀብለን እንነድፋለን፣ በመስፈርት እንገዛለን፣ በመስፈርት እንረከባለን። የሙለር ሕይወት ደግሞ መስፈርቱን አሟልቶ የተገኘ ሥራ መስፈርቱ ባልጠየቀው ነገር እንዴት ሊወቀስ እንደሚችል ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እጠይቃለሁ።

ትውልድና ትምህርት

ፓውል ሙለር የተወለዱት በጥር ወር 1899 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ በኦልተን ከተማ ነው። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ባዝል ስለ ተዛወረ ሙለር ያደጉትና የተማሩት በዚያች በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው የኬሚካል ኢንዱስትሪ ከተማ ነው። በትምህርት ቤት ውጤታቸው ጎልተው የታወቁ አልነበሩም። እንዲያውም በ1916 ዓ.ም. ትምህርታቸውን አቋርጠው በቤተ ሙከራ ረዳትነት ተቀጠሩ። ነገር ግን በእጅ የተሠራው ሥራ የመጽሐፉን ፍቅር ስለ ቀሰቀሰባቸው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ትምህርታቸው ተመልሰው ባዝል ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ዋና ትምህርታቸው ኬሚስትሪ ሲሆን ፊዚክስንና የእጽዋት ሳይንስንም በተጨማሪ አጥንተዋል። በ1925 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀብለው በዚያው ዓመት ጋይጊ በተባለው የባዝል ኩባንያ የምርምር ኬሚስት ሆኑ። ከዚያ ኩባንያ እስከ ጡረታቸው ድረስ አልተለዩም።

የመጀመሪያ ሥራቸው ከተባይ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ከዕፅ የሚወጡ ቀለሞችንና የቆዳ ማልፊያ ቅመሞችን ያጠኑ ነበር። ከዚህም በመነሣት ለብርሃን የማይበገር ነጭ ቆዳ የሚያስገኙ ሰው ሠራሽ የማልፊያ ቅመሞችን አዘጋጁ። ቀጥሎም ኩባንያው የሱፍ ጨርቅን ከብል የሚከላከሉ ውሁዶችን ያመርት ስለ ነበር ትኩረታቸው ወደ ነፍሳት ዞረ። በ1930ዎቹ ዓመታት ለዘር ማከሚያ ያገለግሉ የነበሩትን የሜርኩሪ ውሁዶች የሚተካ፣ ከእነርሱም ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ መድኃኒት ሠርተዋል። ይህን ጉዳይ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ። ኋላ ተፈጥሮን በማወክ ስሙ የተነሣው የዲ.ዲ.ቲ. አባት፣ ከዚያ በፊት አደገኛውን ሜርኩሪ ከእርሻ ለማስወጣት የደከሙ ሰው ነበሩና።

ሰባቱ መስፈርቶች

በ1935 ዓ.ም. ገደማ ሙለር ለሰብል የሚሆን አዲስ ፀረ ነፍሳት ፍለጋ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በገበያ ላይ የነበሩት መድኃኒቶች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ ወገን አርሴኒክን የመሰለ ነፍሳትንም ሰውንም የሚገድል ብርቱ መርዝ ነው። ሌላው ወገን ከፒሬትረም አበባና ከሌሎች ዕፆች የሚገኝ ሆኖ ለሰው ብዙም የማያሰጋ፣ ነገር ግን ውድና በፀሐይ ብርሃን ቶሎ የሚበላሽ ነው። ገበሬው ዛሬ ረጭቶ ነገ ተባዩ ተመልሶ ያገኘዋል።

ሙለር የሚፈልጉትን ነገር እንደ ጥሩ መሐንዲስ በመስፈርት አስቀመጡት። መስፈርቶቹም ሰባት ነበሩ። አንደኛ፣ ለነፍሳት እጅግ መርዛማ ይሁን። ሁለተኛ፣ ፈጥኖ ይሥራ። ሦስተኛ፣ አጥቢ እንስሳትንና ዕፅዋትን አይጉዳ ወይም ጉዳቱ ጥቂት ይሁን። አራተኛ፣ አይቆጥቁጥ፤ መጥፎ ሽታም አይኑረው። አምስተኛ፣ የተቻለውን ያህል ብዙ ዓይነት ነፍሳትን ያጥቃ። ስድስተኛ፣ በኬሚካዊ ባሕርዩ ጽኑ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ያገልግል። ሰባተኛ፣ ዋጋው ርካሽ ይሁን።

ይህን ዝርዝር ዛሬ የሚያነብ ባለሙያ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑን መግታቱ አይቀርም። በ1935 ዓ.ም. ግን ከሰባቱ አንዱም እንግዳ አልነበረም። እያንዳንዱ መስፈርት በጊዜው ከነበረ እውነተኛ ጉድለት የተነሣ ነው። ሽታውን ገበሬው ጠልቶታል፤ ዋጋውን አልቻለውም፤ መድኃኒቱ ቶሎ መበላሸቱም ሰብሉን አስበልቶታል።

ፍለጋው አራት ዓመት ወሰደ። ሙለር ብቸኝነትን የሚወዱ፣ ሙከራውን በገዛ እጃቸው መሥራት የሚመርጡ ሰው ነበሩ። በመቶ የሚቆጠሩ ውሁዶችን በዝንብ ሣጥናቸው ፈተኑ፤ ሁሉም ከንቱ ሆኑ። በሴፕቴምበር 1939 ዓ.ም. በተራ የደረሰው ውሁድ ክሎሮቤንዚንንና ክሎራል የተባለውን ቅመም በሰልፈሪክ አሲድ አማካይነት በማጣመር የሚገኝ ነው። ጥሬ ዕቃው ርካሽ፣ አሠራሩም ቀላል ነበር። ውሁዱን ኦትማር ሳይድለር የተባለ ተማሪ በ1874 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ሠርቶት ነበር፤ ነገር ግን ነፍሳትን ይገድል እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ስድሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከመጽሔት ገጽ ሳይወጣ ኖረ።

ዲ.ዲ.ቲ. ፈጥኖ አይገድልም፤ በሁለተኛው መስፈርት ደካማ ነው። በሌሎቹ ግን ከነበሩት ሁሉ የላቀ ሆኖ ተገኘ። ነፍሳቱ መብላት አያስፈልጋቸውም፤ በእግራቸው መንካታቸው ብቻ ይበቃል። ውሁዱ በነርቫቸው ውስጥ የሶዲየም መተላለፊያዎች እንዳይዘጉ ያደርጋል፤ ነርቩም ያለ ዕረፍት መልእክት እየላከ ነፍሱን አንፈራግጦ ይገድላል። ስድስተኛውን መስፈርት በሚመለከት ደግሞ፣ ከላይ እንዳየነው፣ ምስክሩ ለአንድ ወር አየር ላይ የቆየው ሣጥን ነው።

የክብር ዘመን

ኩባንያው በ1940 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ መድኃኒቱ ገዝሮልና ኔዮሲድ በሚሉ ስሞች በ1942 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ። ጊዜው የዓለም ጦርነት ነበርና ከሰብል ይልቅ አስቸኳይ የሆነው የሰው ሕይወት ነው። በጦርነት ዘመን ከጥይት ይልቅ ሠራዊትን የሚፈጀው በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ መሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። በ1943 ዓ.ም. መጨረሻና በ1944 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኢጣልያ በናፖሊ ከተማ ተስቦ በተነሣ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ ሰዎች ልብስና ገላ ላይ ፀረ ቅማል ዱቄት ተነሰነሰ፤ ከዱቄቶቹም ዋነኛው ዲ.ዲ.ቲ. ነበር። የክረምት ተስቦ በጦርነት መካከል እንዲህ ተገትቶ አያውቅም።

ዱቄቱ የተነሰነሰባቸው ሰዎች አልታመሙም። ደረቅ የዲ.ዲ.ቲ. ዱቄት በሰው ቆዳ በቀላሉ አይዘልቅምና። ስለዚህ ሦስተኛው መስፈርት የተሟላ መሰለ። ሙለር በ1948 ዓ.ም. የፊዚዮሎጂ ወይም የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለኬሚስት፣ ያውም የሕክምና ትምህርት ለሌለው የኩባንያ ተቀጣሪ፣ ይህ ታላቅ ክብር ነበር።

ከተስቦ በኋላ የወባ ተራ ደረሰ። የወባ ትንኝ ደም ከመጠጠች በኋላ ብዙውን ጊዜ በቤቱ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ ከ1 እስከ 2 ግራም ዲ.ዲ.ቲ. ከተረጨ ለስድስት ወርና ከዚያም በላይ ይገድላታል። ቶሎ የሚጠፋ መድኃኒት ቢሆን ረጪው በየሳምንቱ ወደ እያንዳንዱ መንደር መመለስ በተገባው ነበር። እዚህ ላይ የስድስተኛው መስፈርት ጥቅም ግልጽ ነው። ግሪክና ኢጣልያ ከወባ የተላቀቁት በዚህ መንገድ ነው። የተሰሎንቄ ዩኒቨርሲቲ በ1963 ዓ.ም. ለሙለር የክብር ዶክትሬት መስጠቱም ከዚሁ ውለታ የተነሣ ነበር።

የወባን ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። በ1958 ዓ.ም. በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ አንድ መቶ አምሳ ሺህ ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በየቆላው የጎጆ ግድግዳ ላይ የተረጨው መድኃኒት በአብዛኛው ይኸው ዲ.ዲ.ቲ. ነው። ስለዚህ ሙለርን የሚወቅስ ማንም ሰው አስቀድሞ የዳኑትን መቁጠር ይገባዋል።

ስምንተኛው ጥያቄ

ከሰባቱ መስፈርቶች ውስጥ አንድ ጥያቄ ጎድሎ ነበር። ይኸውም መድኃኒቱ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

የዲ.ዲ.ቲ. ባሕርይ ራሱ መልሱን ይዟል። ውሁዱ በውኃ ውስጥ ከሞላ ጎደል አይሟሟም፤ በስብ ውስጥ ግን በሚገባ ይሟሟል። በአፈር ውስጥ ከተረጨው ግማሹ እስኪጠፋ ድረስ እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ጠባይ ከሁለት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ሲፈርስም ባብዛኛው የሚለወጠው ዲ.ዲ.ኢ. ወደ ተባለ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ይህኛው ደግሞ ከእናቱ ይልቅ ጽኑ ነው። እንግዲህ በእርሻ ላይ የተረጨው ከአፈር ጋር ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዝ ወደ ሐይቅ ይገባል። ውኃው አልቀበለውም ስላለ በውኃው ውስጥ ወደሚገኘው ስብ ሁሉ ይጠጋል። ስብ ያለው ደግሞ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው።

ይህ ነገር በተግባር የታየው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት በሚገኘው ክሊር ሌክ በተባለ ሐይቅ ነው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩ ሰዎች በደቃቅ ትንኞች ብዛት ስለ ተማረሩ በ1949፣ በ1954 እና በ1957 ዓ.ም. የዲ.ዲ.ቲ. ወንድም የሆነው ዲ.ዲ.ዲ. ወደ ውኃው ተጨመረ። መጠኑ በጥንቃቄ ተሰልቶ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ እንኳ ከሃምሳ ሚሊዮን እጅ ውኃ አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ይህም በአንድ ኪሎ ግራም ውኃ 0.02 ሚሊግራም ማለት ነው። በዚህ መጠን ዓሣ አይሞትም፣ ሰው አይታመምም፤ ስሌቱም ስህተት አልነበረበትም። ነገር ግን ከ1954 ዓ.ም. በኋላ ባለው ክረምት ግሪብ የተባሉ ጠላቂ የውኃ ወፎች ከመቶ በላይ ሞተው ተገኙ። ኋላ በወፎቹ ስብ ውስጥ በተደረገው ምርመራ በአንድ ኪሎ ግራም ስብ እስከ 1,600 ሚሊግራም ተለካ። ይህም በውኃው ላይ ከተጨመረው ሰማንያ ሺህ እጥፍ ነው።

ተአምር አልነበረም፤ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ፕላንክተን የሚባሉት ደቃቅ ተንሳፋፊ ሕያዋን ከውኃው ይሰበስቡታል። ትንሹ ዓሣ ብዙ ፕላንክተን ይበላል፤ ትልቁ ዓሣ ብዙ ትናንሽ ዓሦችን ይበላል፤ ወፏም ዓሦቹን ትበላለች። በየደረጃው ምግቡ ይፈጫል፣ ይቃጠላል፣ ይወጣል፤ መርዙ ግን ሳይፈርስና ሳይወጣ በስብ ውስጥ ይቀራል። በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ፍጡር የሁሉንም ዕዳ ይከፍላል። በሐይቁ ላይ ጎጆ ይሠሩ የነበሩት አንድ ሺህ ያህል ጥንድ ግሪቦች በ1960 ዓ.ም. ሠላሳ ጥንድ ያህል ብቻ ቀርተው ነበር።

ከዚህም የረቀቀ ጉዳት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በብሪታኒያና በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች የጭልፊትና የንስር እንቁላል ቅርፊት እየሳሳ መምጣቱን አረጋገጡ። ምክንያቱም በአመዛኙ ዲ.ዲ.ኢ. ነው። እናቲቱ ወፍ ጤነኛ ትመስላለች፤ ትበራለች፣ ታድናለች፤ እንቁላሏ ግን ስትታቀፈው ይሰበራል። ሦስተኛው መስፈርት መርዛማነትን የመዘነው ዛሬ የተነካ ነገ ይሞታል ወይስ አይሞትም በሚል ሚዛን ነበር። በልጅ ልጅ ላይ የሚደርሰውን፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ቀስ ብሎ የሚመጣውን ጉዳት የሚመዝንበት ሚዛን አልነበረውም።

ነፍሳቱም ቢሆኑ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ዲ.ዲ.ቲ. የማይበግራቸው ዝንቦች በ1940ዎቹ መጨረሻ በስዊድንና በኢጣልያ ታይተዋል። ሳይፈርስ ለዓመታት የሚቆይ መርዝ ደካሞቹን ገድሎ ብርቱዎቹን ለዘር ይመርጣል። ስለዚህ ስድስተኛው መስፈርት በመጨረሻ የመድኃኒቱን የራሱን ኃይል ሸረሸረው።

የመጨረሻ ዓመታት

ሙለር በኩባንያቸው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ምክትል ኃላፊ ሆነው ካገለገሉ በኋላ በ1961 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ይሁንና ሥራ አልፈቱም፤ በባዝል አጠገብ በምትገኘው ኦበርቪል በቤታቸው ቤተ ሙከራ አቋቁመው ምርምራቸውን ቀጠሉ። በተከታዩ ዓመት በ1962 ዓ.ም. አሜሪካዊቱ የባሕር ሥነ ሕይወት ሊቅ ሬቸል ካርሰን ዝምተኛው ፀደይ የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የክሊር ሌክ ወፎች ታሪክ ለሰፊው ሕዝብ የደረሰው በዚያ መጽሐፍ ነው። ካርሰን በ1964 ዓ.ም.፣ ሙለር ደግሞ በጥቅምት ወር 1965 ዓ.ም. በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሁለቱም የክርክሩን መጨረሻ አላዩም። አሜሪካ ዲ.ዲ.ቲ. በእርሻ ላይ እንዳይውል የከለከለችው በ1972 ዓ.ም. ነው።

ሙለር ጎድሎ የነበረው ጥያቄ ግን በመጨረሻ ሕግ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. የተፈረመውና ኢትዮጵያም በ2003 ዓ.ም. ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት አንድን ኬሚካል ሲመረምር ሙለር ያልጠየቁትን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ይቆያልን? በውኃ ውስጥ ግማሽ ዕድሜው ከሁለት ወር፣ በአፈር ወይም በደለል ውስጥ ከስድስት ወር ከበለጠ ጽኑ ይባላል። ሁለተኛ፣ በአካል ይከማቻልን? በውኃ ውስጥ በሚኖር ፍጡር ገላ ያለው መጠን በውኃው ካለው ከ5,000 እጥፍ ከበለጠ፣ ወይም ይህ ባይለካ፣ ኦክታኖል በተባለው ስብ መሰል ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው በውኃ ውስጥ ከሚሟሟው ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ከሆነ ይከማቻል ይባላል። ሦስተኛ፣ ከተረጨበት ቦታ ርቆ ይጓዛልን? አራተኛ፣ ሰውን ወይም አካባቢን ይጎዳልን? ከእነዚህ መለኪያዎች አንዱ ብቻውን ሁልጊዜ አያስፈርድም። ቶሎ የሚፈርስ መርዝ ጉዳቱ በቦታውና በጊዜው ይወሰናል፤ የማይከማች ጽኑ ነገርም እንደ አሸዋ ሊሆን ይችላል። አደጋው ሁሉም ሲገናኙ ነው፤ የዚያን ጊዜ ስህተትን መልሶ መልቀም አይቻልምና። ዲ.ዲ.ቲ. በኦክታኖሉ መለኪያ ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ያስመዘግባል፤ ሌሎቹንም ሁሉ አልፎ ይሄዳል።

ሆኖም ስምምነቱ ዲ.ዲ.ቲ.ን ፈጽሞ አልሰረዘውም። ሌላ ተስማሚ ዘዴ በሌለበት ቦታ ለወባና ለመሰል በሽታ አስተላላፊዎች መከላከያ ብቻ እንዲውል ፈቅዷል። ይህ ፍርድ የሙለርን ሥራ በትክክል የመዘነ ይመስለኛል። በጎጆ ግድግዳ ላይ በጥቂት ግራም የተለጠፈው ጽናት ሕፃናትን ያድናል። በሜዳ ላይ በቶን የተበተነው ያው ጽናት ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሦች ውስጥ የዲ.ዲ.ቲ. ቅሪት መገኘቱም ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ያሳስበናል። ባሕርዩ አንድ ነው፤ የተለየው ቦታውና መጠኑ ነው።

ሙለር የተሰጣቸውን ጥያቄ በትጋትና በቅንነት መለሱ። የጎደለው ጥያቄ ከእሳቸው ብቻ ሳይሆን ከዘመናቸው ሁሉ የጎደለ ነበር። እኛ ግን ያንን ምክንያት ማቅረብ አንችልም። ለዕንጨት መጠበቂያ፣ ለትራንስፎርመር ዘይት፣ ለእሳት መከላከያ አረፋ ወይም ለሰብል መድኃኒት የመግዣ ዝርዝር ስንጽፍ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ጥንካሬና ርካሽ ዋጋ እያልን የምንደረድራቸው ቃላት የሙለር ስድስተኛና ሰባተኛ መስፈርቶች ናቸው። ከእነርሱ በታች፣ ዕቃው አገልግሎቱን ሲጨርስ ወዴት ይሄዳል የሚል አንድ መስመር መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ያ መስመር ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚያስከፍል ግን ከግሪቦቹ ሐይቅ ተምረናል።